ያልተገነባ ሪዞርት ወረፋ፦ ታይምሼር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለምንድን ነው?

በፍሎሪዳ፣ ከኦርላንዶ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የዋልት ዲዝኒ ወርልድ ግቢ ውስጥ፣ በሐይቅ ዳር እየተገነባ ያለ አንድ የታይምሼር ሪዞርት አለ። ኩባንያው ዕቅዱን በ2018 ይፋ ሲያደርግ በ2022 እከፍተዋለሁ ብሎ ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ግንባታው ቆመ። ከዓመታት በኋላ ሥራው ሲቀጥል ስሙ ተቀይሮ ሌክሾር ሎጅ ተባለ፤ የመክፈቻው ጊዜም ወደ 2027 ተሻገረ። ሽያጩ ገና ስላልተጀመረ በዚህ መዘግየት ገንዘቡ የተያዘበት ገዢ አልነበረም። ቢሆንም፣ ገንዘብም ስምም የሞላው ኩባንያ ቀጠሮውን በአምስት ዓመት ከገፋ፣ በሥዕል ብቻ የሚታይ ሪዞርት ውስጥ ድርሻ ለመግዛት እስክሪብቶ ያነሣ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

ታይምሼር አንድን የመዝናኛ ቤት ብዙ ሰዎች በጊዜ ተከፋፍለው የሚጠቀሙበት አሠራር ነው። በ1960ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ሲጀመር ነገሩ ቀላል ነበር። ገዢው የአንዲትን ክፍል አንድ ሳምንት ይገዛል፤ በየዓመቱ ያ ሳምንት ሲደርስ ቁልፉ የእርሱ ነው። በ1974 አሜሪካ ውስጥ አርሲአይ የተባለው ድርጅት ሲቋቋም ደግሞ የአንዱን ሪዞርት ሳምንት በሌላው ሪዞርት ሳምንት መለወጥ ተቻለ። ዛሬ ማሪዮት፣ ሂልተን፣ ዊንድሃምና ዲዝኒን የመሳሰሉት ትልልቅ ስሞች በአብዛኛው የሚሸጡት ነጥብ ነው። ገዢው በየዓመቱ የተወሰነ ነጥብ ይሰጠዋል፤ በነጥቡም ክፍት ክፍል ፈልጎ ቦታ ይይዛል። ክፍት ክፍል ካጣ ነጥቡ ብቻውን የትም አያሳድረውም።

ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ የሚታየው መዋኛ ገንዳና የሐይቅ ዳርቻ ቢሆንም፣ በውሉ የሚሸጠው ወረፋ ነው። ገዢው ከሌሎች ቀድሞ ቦታ የመያዝ መብት ይገዛል፤ ተራውን ላለማጣት ደግሞ በየዓመቱ ይከፍላል። ነገሩን በዚህ ዓይን ያየ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። ስለ ክፍሉ ስፋት ከመጠየቁ በፊት ከፊቱ ማን እንደተሰለፈ፣ ተራውን ማን ሊወስድበት እንደሚችልና ከሰልፉ መውጣት ቢፈልግ በሩ የት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

የዲዝኒን አሠራር በምሳሌነት ላንሣ፤ ደንቡ በግልጽ ስለሚታወቅ ለማስረዳት ይመቻል። የዲዝኒ ታይምሼር በሚሸጥበት በዲዝኒ ቫኬሽን ክለብ እያንዳንዱ ገዢ የራሴ የሚለው አንድ ሪዞርት አለው። በዚያ ሪዞርት ከመግቢያው ቀን 11 ወር አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይችላል፤ በሌሎቹ የክለቡ ሪዞርቶች ግን የሚፈቀድለት 7 ወር ሲቀረው ነው። ገዢው ከሚከፍልባቸው ዋና ነገሮች አንዱ ይህች የአራት ወር ብልጫ ናት። ችግሩ ብልጫው ያለው ለአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። እንደ ገና በዓል ባሉ ተፈላጊ ቀናት፣ በተለይ ጥቂት ነጥብ የሚጠይቁት ክፍሎች፣ ምዝገባው በተከፈተበት ጠዋት ሊያልቁ ይችላሉ። ልምድ ያላቸው ባለቤቶች ደግሞ ዘዴ አላቸው። የሚፈልጉት ሳምንት ለምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ቀደም ያለውን ሳምንት ይይዛሉ፤ ከዚያ በየቀኑ ገብተው ቦታቸውን አንድ አንድ ቀን ወደፊት እየገፉ ወደ ፈለጉት ቀን ይደርሳሉ። አዲሱ ገዢ 11 ወሩን ጠብቆ በማለዳ ሲቀርብ ክፍሉን ተይዞ ያገኘዋል። ደንቡን አክብሮ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ባዶ እጁን የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ ሪዞርት ሲጨመር ሰልፉ ይበልጥ ይወሳሰባል። ዲዝኒ ሪቪዬራ የተባለውን ሪዞርት በ2019 ሲከፍት ለአዳዲሶቹ ሪዞርቶች ገደብ አበጀ። ከዚያ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ከነባሮቹ 14 ሪዞርቶች የአንዱን ነጥብ ከቀድሞ ባለቤት ላይ የገዛ ሰው በሪቪዬራም ሆነ ከእርሱ በኋላ በተጨመሩ አዳዲስ ሪዞርቶች ቦታ መያዝ አይችልም። የሪቪዬራን ነጥብ ከቀድሞ ባለቤት የገዛ ደግሞ ከክለቡ ሪዞርቶች ሁሉ ሪቪዬራ ላይ ብቻ ይቀራል። ይህ ደንብ ዛሬ ከኩባንያው በቀጥታ የሚገዛውን ሰው የሚነካው ነገ ሊሸጥ ሲነሣ ነው። እርሱ በሙሉ ዋጋ ያገኘውን መብት ቀጣዩ ገዢ አያገኘውም፤ ባላገኘው መብት ልክም ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል።

ሁሉም አዲስ ሕንፃ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በ2024 ማብቂያ በፖሊኔዥያን ሪዞርት የተከፈተው አይላንድ ታወር ራሱን የቻለ የባለቤቶች ማኅበር አልሆነም፤ ከነባሩ የፖሊኔዥያን ማኅበር ጋር ተቀላቀለ። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የፖሊኔዥያንን ነጥብ ከሰው ላይ በቅናሽ የገዙ ሁሉ ለግዢ ምንም ሳይጨምሩ በአዲሱ ሕንፃ በ11 ወር ቦታ የመያዝ መብት አገኙ። አዲሱን ሕንፃ አይተው በሙሉ ዋጋ የገቡትም ከእነርሱ ጋር በአንድ ሰልፍ ቆሙ። እንግዲህ ስለ ማንኛውም ሊከፈት ስላለ ሪዞርት የመጀመሪያው ጥያቄ ሕንፃው የራሱ ማኅበር ይኖረዋል ወይስ ከነባሩ ጋር ይቀላቀላል የሚለው ነው። መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠ እንዳልተሰጠ ይቆጠር።

ዓመታዊው የጥገና ክፍያ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ከዚህ ገንዘብ የጽዳት ሠራተኛው ደመወዝ፣ መድኑ፣ የንብረት ግብሩ፣ የጣራው እድሳት ይሸፈናል። ባለቤቱ ሄደም አልሄደም ይከፍላል። በ2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ሳኒቤልንና ፎርት ማየርስ ቢችን እንዳወደመው ያለ አደጋ ሲደርስም፣ መድኑ ያልሸፈነውን ለመሙላት ማኅበሩ በባለቤቶች ላይ ልዩ መዋጮ ሊጥል ይችላል። ለቆየ ሪዞርት ያለፉትን ዓመታት ክፍያ ጠይቆ አካሄዱን ማየት ይቻላል። ላልተከፈተ ሪዞርት ያለው ግምት ብቻ ነው፤ ግምት ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ደግሞ በሃዋይ የሚገኘው የዲዝኒ አውላኒ ሪዞርት ያሳያል። በ2011 ሪዞርቱ ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ኩባንያው ሽያጩን በድንገት አቆመ። ለገዢዎች የተነገረው ዓመታዊ ክፍያ ሪዞርቱን ለማስተዳደር ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። የክለቡ ከፍተኛ ኃላፊዎች ከሥራ ተሰናበቱ፤ ሽያጩ ሲቀጥል ክፍያው ለአዲስ ገዢዎች ከፍ አለ። ቀድመው የፈረሙት ልዩነቱን ኩባንያው ስለሸፈነላቸው ተረፉ። አቅሙ ውስን የሆነ አልሚ ቢሆን ኖሮ ያ ልዩነት በማን ላይ ያርፍ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ቤተሰብ 24,000 ዶላር የሚያወጣ ነጥብ ገዛ እንበል፤ በአሜሪካ ገበያ ያልተጋነነ ዋጋ ነው። አሥር በመቶውን ቅድመ ክፍያ ሰጥቶ ቀሪውን 21,600 ዶላር ከዚያው ከሻጩ በ15 በመቶ ወለድ ለአሥር ዓመት ተበደረ። በዚህ ንግድ ውስጥ እንዲህ ያለ ወለድ የተለመደ ነው። ወርኃዊ ክፍያው ወደ 348 ዶላር ይመጣል፤ ከቅድመ ክፍያው ጋር በአሥር ዓመት 44,200 ዶላር ያህል ይወጣል። የጥገና ክፍያው በ1,200 ዶላር ጀምሮ በየዓመቱ በ5 በመቶ ቢጨምር በአሥር ዓመት ሌላ 15,100 ዶላር ገደማ ይሆናል። ድምሩ 59,300 ዶላር ነው። ቤተሰቡ አንድም ዓመት ሳያስተጓጉል በየዓመቱ ሰባት ሌሊት ቢያድር የአንዱ ሌሊት ዋጋ 847 ዶላር ደረሰ ማለት ነው፤ ትኬቱና ምግቡ ሳይቆጠር። ምንም ሳይበደር በጥሬ ገንዘብ ቢገዛም 558 ዶላር ይሆናል። ሁለት ዓመት ከቀረ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል። ብድሩ ሲያልቅ የጥገና ክፍያው ይቀጥላል፤ በዚሁ ፍጥነት ከሄደ በሃያኛው ዓመት ከ3,000 ዶላር ያልፋል።

ሻጮች ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። የሆቴል ዋጋም ይጨምራል ይላሉ። በየዓመቱ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ፣ ውድ ክፍል የሚመርጥ፣ ዕረፍቱን ከዓመት በፊት ማቀድ የሚችልና ያለ ብድር የሚገዛ ቤተሰብ ሊያተርፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ግን ከቀድሞ ባለቤት ቢገዛ ይበልጥ ያተርፋል። ከኩባንያው በቀጥታ የሚገዛ የዲዝኒ ነጥብ ከ200 ዶላር በላይ ሲጠየቅበት፣ የቆዩት ሪዞርቶች ነጥብ በሁለተኛ ገበያ ከዚያ እጅግ ባነሰ ይሸጣል። ከሌሎች ብዙ ሪዞርቶች ደግሞ በአንድ ዶላር የሚቀርብ ሳምንት ማግኘት ይቻላል፤ ባለቤቱ የሚፈልገው ከዓመታዊው ክፍያ መገላገል ብቻ ስለሆነ። የዋጋው መውደቅ ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ገዢው ከሚከፍለው ዋጋ ትልቅ ድርሻ የሚውለው ለማስታወቂያ፣ ለስጦታ ካርድና ለሻጮች ኮሚሽን ነው። ያ ገንዘብ በሕንፃው ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ቀጣዩ ገዢ አይከፍልበትም።

የሽያጩን አዳራሽ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ውሳኔው የሚሰጠው እዚያ ነውና። ግብዣው ከስጦታ ጋር ይመጣል፦ ቅናሽ ያለው የፓርክ ትኬት ወይም የስጦታ ካርድ፣ የ90 ደቂቃ ገለጻ ለማዳመጥ ብቻ። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም እንዲገኙ ይጠየቃል፤ አንዱ «ቤት ሄጄ ልማከር» ብሎ እንዳይወጣ ነው። ቁርስ ይቀርባል፤ ልጆች ወደ መጫወቻው ይገባሉ። ሻጩ ስለ ሪዞርቱ ከማውራቱ በፊት ስለ እንግዶቹ ይጠይቃል። ባለፈው ዓመት ለሆቴል ስንት አወጣችሁ? ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ሁሌ ለመሄድ የምትመኙት የት ነው? መልሱን በወረቀት ላይ ይጽፍና የሆቴሉን ወጪ በሃያ ዓመት ያባዛዋል። ሪዞርቱ ገና ካልተሠራ የሚጎበኘው በመስታወት ውስጥ ያለ የሕንፃ ሞዴል ወይም አንዲት የናሙና ክፍል ነው። እምቢ ሲባል ኃላፊ የተባለ ሰው ይመጣና ዋጋው በሺዎች ይወርዳል፤ ቅናሹ ግን ለዛሬ ብቻ ነው። ዳግመኛ እምቢ ሲባል በመውጫው በኩል ሌላ ሰው አነስ ያለ ጥቅል ይዞ ይጠብቃል። ዘጠና ደቂቃው ግማሽ ቀን ሆኖ ያርፈዋል። መጨረሻ ላይ በሚፈረሙት ወረቀቶች መካከል፣ ገዢው በቃል የተነገረውን ሳይሆን በውሉ የተጻፈውን ብቻ አምኖ እንደፈረመ የሚያረጋግጥ አንቀጽ ይኖራል። ያ አንቀጽ ከጠዋት ጀምሮ የተነገረውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነት ግብዣ ከቨርጂኒያዎቹ ዊልያምስበርግና ማሳኑተን ያውቁታል። በላስ ቬጋስ የሚኖሩት ደግሞ የዚህ ንግድ አንዱ ትልቅ ማዕከል በሆነ ከተማ ውስጥ ናቸው። እኛን ለብቻችን የሚያጠቃን ነገር ቢኖር ይሉኝታ ነው። የሰው ቁርስ በልቶ፣ ስጦታውን ተቀብሎ፣ ሦስት ሰዓት ሲደክም የዋለን ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ያደግንበት ነገር አይደለም። ሻጩ ግን ዘመድ አይደለም፤ እምቢታም የዕለት ሥራው አካል ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ የዕረፍት ጊዜያችን ራሱ አለ። በዓመት ሁለትና ሦስት ሳምንት ፈቃድ የሚያገኝ ሠራተኛ ያችን ጊዜ የሚያጠራቅማት አብዛኛውን ጊዜ አገር ቤት ለመሄድ ነው፤ እናትን ለመጠየቅ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ልጆቹን ከአያታቸው ጋር ለማገናኘት። በሆስፒታል በፈረቃ የምትሠራ ነርስ ወይም ታክሲ የሚነዳ አባት ከ11 ወር በኋላ የትኛው ሳምንት ነፃ እንደሚሆን አያውቅም። ወረፋው የተሠራው ቀኑን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ቀኑን የማያውቅ ሰው ዓመታዊውን ክፍያ እየከፈለ ክፍሉን ለሌላው ይለቅቃል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የሚባክነው በድርብ ሥራ የተገኘ ገንዘብ ነው።

የፈረመ ሰው ማወቅ ያለበት ዋና ነገር ቀን መቁጠር ነው። በፍሎሪዳ ገዢው ውሉን ከፈረመበት ወይም አስፈላጊ ሰነዶችን ሁሉ ከተቀበለበት ቀን፣ ከሁለቱ ዘግይቶ ከመጣው ጀምሮ፣ በ10 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ውሉን መሰረዝ ይችላል። ይህን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ መብቱ አይቀርበትም። በቨርጂኒያ 7 ቀን፣ በኔቫዳ 5 ቀን ብቻ ነው። ስረዛው በጽሑፍ ሆኖ ውሉ ውስጥ ወደተመለከተው አድራሻ መላክ ይኖርበታል፤ የተላከበትን ቀን በሚያሳይ የአደራ ደብዳቤ ቢሆን ይሻላል። ስልክ ደውሎ መናገር ስረዛ አይደለም፤ «ሰኞ እንነጋገርበታለን» የሚል ትሑት መልስ ቀኑን ለማስፈጀት በቂ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በዚህ ረገድ የተሻለ ሠርቷል። በ2009 የወጣው መመሪያ ለገዢው 14 ቀን ይሰጣል፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሻጩ ምንም ዓይነት ቅድሚያ ክፍያ እንዳይቀበልም ይከለክላል። በእኔ እምነት ከቀኑ ርዝመት ይልቅ ገዢውን የሚጠብቀው ይህ ክልከላ ነው፤ ገንዘቡ ገና በኪሱ ያለ ሰው ሐሳቡን ለመቀየር አይፈራም።

ግንባታው ላላለቀ ሪዞርት የፍሎሪዳ ሕግ ተጨማሪ ጥበቃ አለው። የገዢው ገንዘብ በሦስተኛ ወገን እጅ ተይዞ መቆየት፣ አለዚያም አልሚው ሕጉ የሚቀበለውን ሌላ ዋስትና ማቅረብ ይኖርበታል። ስለዚህ ቼክ ከመጻፉ በፊት ገንዘቡ በማን ስም እንደሚያዝ፣ ግንባታው የሚጠናቀቅበት የመጨረሻ ቀን በውሉ ተጽፎ እንደሆነና ያ ቀን ሲያልፍ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ማንበብ ይገባል። «ይከፈታል ተብሎ ይጠበቃል» የሚል ቃል ማንንም አያስገድድም። አዲሱን ሪዞርት ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ሪዞርቱ ሲከፈት ከነባር ባለቤት ላይ ለአንድ ጉዞ የሚበቃ ነጥብ መከራየት ይቻላል። ክፍያው ለዚያ ጉዞ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ ደረሰኝ የለም።

ከገቡ በኋላ መውጣት ከመግባት ይከብዳል፤ አጭበርባሪውም የሚጠብቀው በዚህ በር ላይ ነው። «ታይምሼርዎን የሚገዛ ሰው አግኝተናል፤ የግብርና የማስተላለፊያ ክፍያ ብቻ አስቀድመው ይላኩ» የሚል ስልክ ከመጣ ማጭበርበር እንደሆነ መቁጠር ይሻላል። በ2024 የአሜሪካ ግምጃ ቤትና ኤፍቢአይ ባወጡት ማስጠንቀቂያ ከ2019 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ወደ 6,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን በሜክሲኮ ታይምሼር ስም በተፈጸመባቸው ማጭበርበር ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ማጣታቸውን አመልክተዋል። ከጀርባው እንደ ሃሊስኮ አዲስ ትውልድ ያሉ የአደንዛዥ ዕፅ ካርቴሎች አሉ፤ የፖርቶ ቫላርታ የመዝናኛ ከተማ ዋና መናኸሪያቸው ነው። አንዴ የተታለለውን ሰው ደግሞ የመንግሥት ባለሥልጣን መስለው «ገንዘብዎን እናስመልስልዎታለን» በማለት ዳግመኛ ይመጡበታል። መውጣት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለራሱ ለሸጠው ኩባንያ ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ብድሩ ተከፍሎ ካለቀና የጥገና ክፍያ ውዝፍ ከሌለ ድርሻውን መልሰው የሚረከቡበት አሠራር አላቸው። ገንዘብ ላያስገኝ ይችላል፤ ዓመታዊውን ክፍያ ግን ያስቆማል።

ስለ ውርስም መነገር ያለበት አለ፤ በሽያጭ አዳራሹ «ለልጆቻችሁ የምታወርሱት» የሚለው ንግግር ወላጅን በቀላሉ ስለሚያሸንፍ። የዲዝኒው ዓይነት ውል የማብቂያ ዓመት አለው፤ ለምሳሌ የመጀመሪያው የኦልድ ኪ ዌስት ሪዞርት ነባር ውሎች በ2042 ያበቃሉ። ሌሎች ብዙ ሪዞርቶች ግን ማብቂያ የሌለው ድርሻ ሸጠዋል፤ ከድርሻው ጋር የጥገና ክፍያውም ወደ ወራሽ ይመጣል። በአሜሪካ ወራሽ እንዲህ ያለውን ንብረት አልቀበልም ብሎ በጽሑፍ የማሳወቅ መብት አለው፤ ለዚህም ቀነ ገደብ ስላለ የውርስ ጠበቃ ቶሎ ማማከር ይጠቅማል። እስከዚያው ድረስ ልጆቹ የወላጃቸውን ሳምንት ለመጠቀም መሄድም ሆነ ዓመታዊውን ክፍያ በስማቸው መክፈል የለባቸውም፤ ተጠቅሞ ወይም ከፍሎ የተገኘ ወራሽ ንብረቱን እንደተቀበለ ሊቆጠርበት ይችላል።